የማጨጃው መሪ

ልጄ ያሕያ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው። አይቻለሁ። ሁለት እጁን ጭኖ፣ ትከሻውን አዘንብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው የጠመዘዘው። የሣር ማጨጃ ማሽኑ ግን አልዞረም። ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ሄደ።

እኔ አንሶላ እየሰቀልኩ ነበር። "ዝለል!" ልል አፌን ከፈትኩ። የፊቱ ቀኝ ጎማ ከሣሩ አለፈና አየር ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የማሽኑ ሆድ በአፋፉ ላይ በቀረች አንዲት የጽድ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ቆመ። ያሕያ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ሣሩ ላይ በጀርባው ወደቀ። አየር ላይ ያለው ጎማ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ብሎ ይሽከረከር ነበር።

እንዴት እንደ ሮጥኩ አላውቅም። እርጥቡ አንሶላ አንገቴ ላይ እንደተጠመጠመ ደረስኩና ራሱን፣ ክንዱን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ፤ የተወለደ ቀን እንደዳሰስኩት።

"እማ፣ ደህና ነኝ" አለኝ። "ልቀቂኝ፤ ሰው ያያል።"

ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከንፈሩ ግን እንደ አመድ ነጥቶ ነበር።

የምንሠራበት ሎጅ ከኮሶዬ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ነው። እንግዶች የሚመጡት ያንን ገደል ለማየት ነው። ሣሩ እስከ አፋፉ ድረስ ይዘልቃል፤ አጥር የለውም። ባለቤቱ አቶ ሀብተ ሚካኤል "አጥር ዕይታ ይከልላል" ስለሚሉ አልታጠረም። እኔ እዚያ የአንሶላና የፎጣ አጣቢ ነኝ። ያሕያ ደግሞ ሣር አጫጅ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ የምንኖረው ከዚህ ግቢ በሚገኘው ነው።

ማጨጃው ላዩ ላይ ተቀምጠው የሚነዱት ዓይነት ነው። አራት ጎማ፣ መሪ፣ ወንበር፣ ከሆዱ ሥር ቢላዋ አለው። ጎንደር ውስጥ የተዘጋ ፕሮጀክት ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ አቶ ሀብተ ሚካኤል ገዙት። በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ የዳባት ልጆች "ትራክተር ወለደች!" እያሉ ተከትለውት ነበር። ያኔም አርጅቶ ነበር። የደባርቁ መካኒክ ቻላቸው መጥቶ አስነሳው፤ ያሕያንም መንዳት አስተማረው።

ያሕያ መሪው ከበደኝ ማለት የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። "ግማሽ ዙር ባዶውን ይዞራል፤ ጎማው አይሰማም። ከዚያ ሲይዝ ደግሞ እንደ ድንጋይ ነው" አለኝ። እኔ ምን አልኩት? "እራትህን አትጨርስም፤ ጉልበቱ ከየት ይመጣል!" አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጨማሪ እንጀራ እያስቀመጥኩለት ነበር። መሪ ለሚባል ነገር መድኃኒቱ ምግብ መስሎኝ!

የገብስ ማሳው ከሎጁ ጋር የሚዋሰነው ቢራራ ጠፍሩን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። የታጨደውን ሣር ለከብቶቹ የሚወስደው እሱ ስለሆነ ማሽኑን እንደ ዘመድ ነው የሚያየው። ወደ ገደሉ አጎንብሶ አየና ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሰ።

"እኔ በሬዬን 'ተው!' ስለው ይሰማል" አለ። "ያንተ በሬ ጆሮ የለውም እንዴ፣ ያሕያ?"

ማንም አልሳቀም። እሱም አልሳቀም። ጠፍሩን ከማሽኑ የኋላ ብረት ጋር አስረው፣ እሱና የሎጁ ሠራተኞች ለስድስት ሆነው ጎትተው አወጡት።

አቶ ሀብተ ሚካኤል ቅዳሜ ሠርግ ተቀብለው ነበር፤ ሙሽሮቹ ከጎንደር መጥተው እዚያ ሣር ላይ ነው የሚደግሱት። ወዲያው ለቻላቸው ደወሉ። ያን ቀን ማክሰኞ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያ ጎማ ዓይኔ ውስጥ ሲሽከረከር አደረ።

ረቡዕ ጠዋት ቻላቸው የመፍቻ ሣጥኑን ተሸክሞ ከሚኒባስ ወረደ። ቀጭን፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፤ ሲሠራ ከማሽኑ ጋር እንጂ ከሰው ጋር አያወራም። የማሽኑን አፍንጫ በክሪክ አንሥቶ ከሥሩ ጉቶ አስገባ። መሪውን በአንድ እጁ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ፤ ጎማው አልተነቃነቀም። ጎማውን በእጁ ለማዞር ሲሞክር ደግሞ እንደ ዛገ በር ጮኸ።

"አመመሽ፣ የኔ እናት?" አለው ማሽኑን።

ጎማዎቹን ፈታ። ጎማው የሚዞርበትን እንደ አንካሴ የቆመ ብረት ከቤቱ ለማውጣት ያሕያ ከላይ በመዶሻ፣ እሱ ከታች በእጁ ሆነው ታገሉት። ሲወጣ እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። ብረቱ በዝገት ተበልቶ መሐሉ ቀጥኗል። ቻላቸው ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ አወጣው። ጣቱ ላይ ቀይ ዱቄት ነበር፤ ነጭ ነገርም ተቀላቅሎበታል። አሸተተው።

ከዚያ ከመሪው ዘንግ ሥር ያለውን ባለ ጥርስ ብረት አወጣ። የዳሩ ጥርሶች ደህና ናቸው። የመሐሎቹ አምስት ጥርሶች ግን እንደ ሽማግሌ ድድ ልሙጥ ሆነዋል።

"ለዚህ ነው ባዶውን የሚዞረው" አለ። "መሪው ይዞራል፤ የሚይዘው ጥርስ የለም። ይሄ ሁሉ የደረቀው ለምንድን ነው? ያሕያ፣ ግራሶ ቀብተህ ታውቃለህ?"

"ሐሙስ ሐሙስ እቀባለሁ።"

"አልቀባህም።"

"ወላሂ እቀባለሁ፣ ጋሽ ቻላቸው! ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት፣ እንዳሳየኸኝ በጣቴ።"

አቶ ሀብተ ሚካኤል ከኋላችን መጥተው ቆመው ነበር። የግራሶውን ቆርቆሮ ከመጋዘን አምጥተው ክዳኑን ከፈቱ። ትልቅ ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ ጥቂት ቀርቶበታል።

"ማሽኑ ላይ ግራሶ የለም" አሉ ቀስ ብለው። "ቆርቆሮው ውስጥም ግራሶ የለም። ታዲያ የት ሄደ?"

ያሕያ አያቸው። "ማሽኑ ላይ ነዋ።"

"ይሄው ማሽኑ! አሳየኝ እስቲ!"

ልጄ አጎንብሶ አየ። ዝገቱን ነካ። የያዘው ነገር እንደጠፋበት ሕፃን እጁን አገላብጦ ተመለከተ። "አላውቅም" አለ።

"ዳባት ውስጥ ባጃጅ ያላቸው ጓደኞች የሉህም?" አሉት አቶ ሀብተ ሚካኤል።

ነገሩ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ግራሶውን ለእነሱ ሸጥክ፣ ሌባ ነህ እያሉት ነበር።

"ጽፌለት ነበር እኮ!" አለ ቻላቸው ተናዶ። "እንዳይረሳ ብዬ በቀለም ጽፌለት ነበር። ይሄው!" በመፍቻው ብረቱን ቋ ቋ አደረገው።

ማሽኑ አፍንጫው ወደ ላይ ተነሥቶ ስለነበር ጽሑፉ ከፊቴ ነበር። ቀይ ቀለም ነው፤ ቀስትም አለው። አውቀዋለሁ፤ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ዙሪያውን በጨርቅ የወለወልኩት ቀይ ጌጥ ነው። ጋራዡ ማድመቂያ ምልክት ያደረገበት መስሎኝ ቀለሙ እንዳይለቅ እዚያ ላይ እጄን አለሳልስ ነበር።

ከመስከረም ጀምሮ ዳባት የጎልማሶች ትምህርት ገብቻለሁ፤ እሑድ እሑድ። ፊደል ቆጥሬ ጨርሻለሁ። ግን ሰው የለመደውን ነገር ላንብበው አይልም። ያን ቀን ዓይኔ ሳልጠራው ራሱ አነበበ። ግ። ራ። ሶ።

ሻዩ ከእጄ ወደቀ።

"ተቃጠልሽ፣ ጣይባ?" አሉ አቶ ሀብተ ሚካኤል።

"አልተቃጠልኩም" አልኩና ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ። በሩን ዘግቼ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

እንዲህ ነበር የሆነው። ማሽኑ የመጣ ሰሞን አቶ ሀብተ ሚካኤል "እንግዳ በሚያይበት ቦታ ዘይት በዘይት ሆኖ አይቁም" ብለው ያሕያን ሲቆጡት ሰማሁ። ደነገጥኩ። ልጄ ይህን ሥራ ያገኘው ስንት ደጅ ጠንቼ ነው! ስለዚህ ሐሙስ ማታ እሱ ለጁምዓ ለመዘጋጀት ቀደም ብሎ ወደ ዳባት ሲሄድ፣ ከአንሶላው የተረፈውን ሙቅ ውሃና ዱቄት ሳሙና ይዤ ወደ ማሽኑ እሄድ ነበር። ላዩን ብቻ አይደለም። መሬት ላይ በጀርባዬ እተኛና ከሥሩ ያለውን ጥቁር ነገር ሁሉ አወጣለሁ። ጣቴ በማይገባበት ጨርቅ የጠመጠምኩበት እንጨት እሰዳለሁ፤ እንደ ጆሮ ነው የምጠርገው። በሳምንቱ ደግሞ ያ ጥቁር ነገር ተመልሶ አገኘዋለሁ። "እንዴት ያለ ቆሻሻ ማሽን ነው!" እያልኩ እንደገና አጥባለሁ።

ያሕያ ላዩን እንደማብስለት ያውቃል። ከሥሩ እንደምገባ አያውቅም። አቶ ሀብተ ሚካኤልም "ያሕያ ማሽኑን እንደ ሙሽራ ነው የሚይዘው" ብለው ሲያመሰግኑት ሰምቼ በልቤ ደስ ብሎኝ ዝም ብያለሁ። ምስጋናው የእኔ እንደሆነ ለማንም አልነገርኩም።

የእኔ ነበር። ገደሉም የእኔ ነበር። ልጄን በሙቅ ውሃና በሳሙና ገፍቼ ወደ አፋፉ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

በመስኮቱ ድምፃቸው ይሰማል።

"የመጋዘኑን ቁልፍ አስቀምጥ" አሉ አቶ ሀብተ ሚካኤል። "ከእንግዲህ ይብቃህ።"

ቁልፉ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

"ሥራው ይቅር" አለ ያሕያ። "ሌባ ግን አይበሉኝ፣ ጋሼ። ዳባት ተመልሼ ስገባ ሰው ፊት የምሄደው በዚህ ስም ነው። ሥራው ይቅር፤ ስሙን ይመልሱልኝ።"

ብናገር ሁለታችንንም ያባርሩናል ብዬ አሰብኩ፤ እውነቱን ልናገር፣ አስቤያለሁ። ያሕያ ገና ወጣት ነው፣ ሌላ ሥራ ያገኛል ብዬም አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ በገዛ ራሴ አፈርኩ። ከምድጃው አጠገብ ያለውን ጆንያ አንገቱን ይዤ ጎተትኩት። የጠረግኩባቸውን ጨርቆች አልጥላቸውም ነበር፤ ለውሃው በርሜል እሳት ስለኩስ ቶሎ ይያዙልኛል። ግማሽ ጆንያ ቀርቶኝ ነበር።

በሦስቱ ወንዶች መሐል አምጥቼ ዘረገፍኩት።

"ግራሶው ይሄው" አልኩ።

ቻላቸው አንድ ጨርቅ አነሣ። በሁለት ጣቱ ጨመቀው፤ ጥቁሩ ወጣ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ አቶ ሀብተ ሚካኤል። "አንቺ ነሽ የወሰድሽው? ለምን?"

"አልወሰድኩም። አጠብኩት።"

"ምኑን?"

"ማሽኑን። ሐሙስ ሐሙስ፣ እሱ ቀብቶ ሲሄድ። ቆሻሻ መስሎኝ።"

"በምን አጠብሽው?" አለ ቻላቸው፤ ድምፁ እንደ ሕመምተኛ ጠያቂ ዝቅ ብሎ።

"በሙቅ ውሃ። በዱቄት ሳሙና።"

"ከሥሩም?"

"ከሥሩም። በእንጨት።"

ቻላቸው ጣቱ ላይ የቀረውን ነጭ ነገር አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። "ሃያ ሰባት ዓመት ማሽን ፈትቻለሁ" አለ። "ግራሶ የሰረቀ አይቻለሁ። ግራሶ ጠፍቶበት ሞራ የቀባ አይቻለሁ። በሳሙና ያጠበ ግን... ይሄ ማሽን በድሎሽ ነበር እንዴ? ተበቀልሽው?"

አቶ ሀብተ ሚካኤል ከተፈታው ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። "እንደ ሙሽራ" አሉ። "እኔ ነኝ እንደ ሙሽራ ያልኩት። እያየሁት ሲያብረቀርቅ ደስ ይለኝ ነበር።" ተነሥተው ቁልፉን ከድንጋዩ ላይ አነሡና በሁለት እጃቸው ለያሕያ ዘረጉለት። "ቅድም የተናገርኩትን..." ብለው አልጨረሱትም።

ያሕያ ቁልፉን አልተቀበለም። አላያቸውምም። የሚያየው እኔን ነው።

"እማ" አለ። "ገደል ነበር እኮ።"

ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቆይቶ ቁልፉን ተቀበለ፤ የብርጭቆ ወረቀት አንሥቶ ዝገቱን መፋቅ ጀመረ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ።

"አንቺ ደግሞ" አሉ አቶ ሀብተ ሚካኤል፤ ጆንያውን እያዩ። "ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ማሽን አሥር እርምጃ ራቂ።"

"የለም፣ ትቅረብ" አለ ቻላቸው። "ያልተነገራት ነገር ነው እንጂ እጇማ ከማናችንም ይበልጣል። እኔ የማላውቀው ቀዳዳ ገብታለች።"

እንደዚያ ሆኖ ሁለት ቀን ተሠራ። ቻላቸው ባለ ጥርሱን ብረት ደባርቅ ወስዶ ያለቁትን ጥርሶች በብየዳ ሞላቸው፤ ከዚያ አንድ በአንድ በሞረድ ሲቀርጻቸው አመሸ። ከአሮጌ ባጃጅ ያወጣቸውን ቡሽንጎች፣ እንደ ቀለበት ያሉ አጫጭር የብረት ቱቦዎች፣ አምጥቶ የሰፋውን ቀዳዳ አለበሰው። አሁንም ትንሽ ክፍተት ሲቀር ሮንዴላ የሚሉትን ስስ የብረት ቀለበት ጨመረበት። የቀኙ ጎማ ነፋስም ጎድሎ ነበር፤ "ይሄም ለብቻው መሪ ያከብዳል" ብሎ ነፋው። ሐሙስ ከሰዓት ሊገጥም ሲል ጠራኝ።

"ጣትሽን አስገቢ" አለኝ፤ ቆርቆሮውን ከፍቶ። "ብዙ አድርጊ። አትጸየፊ!"

አስገባሁ። እንደ ቀዝቃዛ ቅቤ ነው። ጣቴ "ጥረጊው" ይለኛል፤ እኔ እቀባለሁ።

"ይሄ ቆሻሻ አይደለም" አለኝ። "ብረትና ብረት ሲገናኙ ይጣላሉ። መሐላቸው የሚቆም አስታራቂ ነው። አስታራቂውን ስታባርሪው ነው እርስ በርስ የተበላሉት።"

ከገጠመ በኋላ መሪውን በአንድ ጣቱ ነካ አደረገው። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል፣ ያለ ድምፅ ዞሩ። ያሕያ ሳያስበው ፈገግ አለ፤ እኔን ሲያይ ተወው።

ሊሞክረው ሲወጣ ግን ቢራራ መንገዱ ላይ ቆመ። ከጠዋት ጀምሮ ከማሳው ድንጋይ እያመጣ ከአፋፉ አሥር እርምጃ ወደ ውስጥ ሲደረድር ነበር። "እኔ ጆሮ የሌለው በሬ አላምንም" አለ። "ዕይታውም ይከለል!" አቶ ሀብተ ሚካኤል ድንጋዮቹን አዩ፤ ገደሉን አዩ። ኮታቸውን አውልቀው ጽድ ላይ ሰቀሉና ራሳቸው ድንጋይ ማንሣት ጀመሩ።

ያሕያ እስከ ድንጋዩ ድረስ ነዳው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ወደ እኔ እየመጣ ነበር፤ አንድ እጁ መሪው ላይ፣ አንዱ ጭኑ ላይ።

ሠርጉ አለፈ። ያሕያ ግን አላናገረኝም። ያዘዝኩትን ይሠራል፣ ያቀረብኩለትን ይበላል፤ ቃል የለም። እኔም ለመለመን ድፍረት አጣሁ። ሰው ልጁን ከገደል አፋፍ አድርሶ "ይቅር በለኝ" የሚለው በየትኛው አፉ ነው?

በሚቀጥለው ሐሙስ አንሶላዬን ጨረስኩ። ሙቅ ውሃ ተረፈ። ባልዲውን አንሥቼ ስሄድ፣ እግሬ ለካ ወደ ማሽኑ ነው የወሰደኝ። እጄ ላይ ጨርቅ ነበር። መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም! ደንግጬ ቆምኩ። ከጎማው ሥር ግራሶው ጥቁር ሆኖ ያበራል። ቀዩ ጽሑፍ ከበላዩ አለ።

"እማ" የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ያሕያ ወደ ዳባት አልሄደም ነበር፤ የመጋዘኑን በር ተደግፎ ቆሟል። "ዛሬ ሐሙስ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ውሃው ለምንድን ነው?"

"ለ... ለአንሶላ።"

"አንሶላው እኮ ተሰቅሏል።"

ባልዲውን ይዤ እንደ ተያዘ ሌባ ቆምኩ። ያሕያ አየኝ፤ አየኝና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀ ነው። በሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ውሃውን ደጅ ላይ ደፋሁት። መጥቶ ባዶውን ባልዲ ከእጄ ተቀበለኝ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ግራሶ ተለጥፎበት አየሁ፤ ነገ ደግሞ ጁምዓ ነው።

"ሱሪህን አውልቅና ልጠብልህ" አልኩት።

"ተይው፣ እማ።"

ተውኩት።